ከባሌ የመጣ ታዳጊ ስንት ዓመት ይጠበቃል?

ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ። በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ የኢትዮጵያ ዓይን ያረፈው ቀነኒሳ በቀለ ላይ ነበር። ቀነኒሳ በዚህ ርቀት አራት የዓለም ሻምፒዮናዎችን በተከታታይ አሸንፏል። ጉዳት ግን ለረጅም ጊዜ ከውድድር አርቆት ስለነበር ያን ቀን እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ሩጫው ሳያልቅ አቋርጦ ወጣ። የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ተስፈንጥሮ ሄደ። ክፍተቱ ሲሰፋ ቴሌቪዥን የከበበው ሰው ወርቁ እንዳመለጠ ቆጠረው።

ከኋላ ግን አንድ ልጅ እየቀረበ ነበር። ኢብራሂም ጀይላን ይባላል፤ የ22 ዓመት ወጣት፣ የባሌ ልጅ ነው። በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ፋራህን አልፎ በ27 ደቂቃ ከ13.81 ሰከንድ ገባ። ፋራህ በ27 ደቂቃ ከ14.07 ሰከንድ ተከተለው፤ ልዩነቱ 26 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ኢማነ መርጋ ሦስተኛ ሆነ። ኢትዮጵያ ከዴጉ ይዛ የተመለሰችው ብቸኛ ወርቅ ያ የኢብራሂም ወርቅ ነው።

በማግስቱ ብዙ ሰው የጠየቀው «ይህ ልጅ ከየት መጣ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ያስቆጫል፤ ምክንያቱም ኢብራሂም ድንገት የተገኘ ሯጭ አልነበረም። ከአምስት ዓመት በፊት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ቤጂንግ ላይ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ወርቅ አጥልቋል። በዚያው ዓመት ገና በ17 ዓመቱ ርቀቱን በ27 ደቂቃ ከ2.81 ሰከንድ ሮጦታል። ይህን ሰዓት ዕድሜ ልካቸውን ሮጠው የማያገኙት አዋቂ አትሌቶች ብዙ ናቸው። በ2008 ደግሞ ኤደንብራ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የወጣቶችን ውድድር አሸነፈ። ያን ቀን ቀነኒሳ በአዋቂ ወንዶች፣ ጥሩነሽ ዲባባ በአዋቂ ሴቶች፣ ገንዘቤ ዲባባ በወጣት ሴቶች አሸንፈው አራቱም የግል ወርቆች የኢትዮጵያ ሆነዋል። ባለተስፋ መሆኑ በግልጽ ታይቶ፣ ተመዝግቦ የተቀመጠ ልጅ ነበር። የጠፋው እኛ መጠበቅ ስላልቻልን ነው።

ስለ ታዳጊዎች በተነሳ ቁጥር ሦስት ስሞችን ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ። ኢብራሂም በ2006 የወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ፤ የአዋቂዎቹ የሆነው በ2011 ነው። የስልጤው ልጅ ሙክታር እድሪስ በ2012 ባርሴሎና ላይ በ5,000 ሜትር የወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ፤ የአዋቂዎቹን ወርቅ ለንደን ላይ ያገኘው በ2017 ነው። ሰለሞን ባረጋ በ2016 ፖላንድ፣ ቢድጎሽ ላይ በ5,000 ሜትር የወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ፤ ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀው በ2021 ነው። ሦስቱም አምስት አምስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሦስት ሰው ሕግ አይሆንም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ሞ ፋራህ ከዴጉ ሽንፈቱ በኋላ በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ የመም ፍጻሜዎች አሥር ወርቅ በተከታታይ ወስዷል። ያ ሰንሰለት ከመጀመሩ በፊት ያሸነፈው ኢብራሂም ነው፤ የበጠሰው ደግሞ ሙክታር ነው። ሁለቱም በታዳጊነታቸው ታይተው አምስት ዓመት የጠበቁ ልጆች ናቸው።

ዓይናችንን ያስለመዱብን ሌሎች ናቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1992 ሴኡል ላይ በወጣቶች 5,000 እና 10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ወሰደ፤ በዓመቱ ሽቱትጋርት ላይ የአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቀነኒሳ በ2001 የወጣቶች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ነበር፤ በ2003 ፓሪስ ላይ ኃይሌን ራሱን ቀደመ። ጥሩነሽ ደግሞ በዚያው በ2003 መጀመሪያ በአገር አቋራጭ ወጣቶቹን አሸንፋ፣ በዚያው ክረምት ከአዋቂዎች ጋር 5,000 ሜትር ሮጣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። እነዚህ በትውልድ አንድ ጊዜ የሚገኙ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን መለኪያ አደረግናቸው። አንድ ታዳጊ በ17 ዓመቱ አሸንፎ በ19 ዓመቱ የአዋቂ ሜዳሊያ ካላመጣ «ጠፋ» ይባላል፤ ክለቡ ይሰለቻል፣ ማናጀሩ ሌላ ልጅ ይፈልጋል፣ ጋዜጠኛውም ስሙን ይረሳል።

ባሌ ውስጥ፣ ከሮቤ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ አጋርፋ ትገኛለች። አገር የሚያውቃት በግብርና ማሠልጠኛዋና በስንዴዋ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ መንገዱን ግራና ቀኝ የሞላው የደረሰ ስንዴ ነው፤ ኮምባይነሮች ከማሳ ማሳ ይዞራሉ፤ ገለባ የጫኑ ጋሪዎች ወደ ከተማ ይገባሉ። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቶች ሲወዳደሩ ሜዳው ገና ጤዛ እንደያዘ ነው። ይህ አገር ደጋ ነው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ይዘላል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እዚህ የሚሮጥ ልጅ ሰዓቱ ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሚሮጥ እኩያው ጋር አይነጻጸርም። ሜዳው ራሱም ቢሆን 400 ሜትር አይሞላም፤ 3,000 ሜትር የሚባለው በመምህሩ ግምትና በተተከሉ ባንዲራዎች ነው።

ልጆቹ ተሰልፈዋል። ባዶ እግሩን የቆመ አለ፤ የላስቲክ ጫማ ያጠለቀ አለ፤ አንዱ ጥርሱ ያለቀ የተውሶ ስፓይክ አድርጓል። ፊሽካው ሲነፋ አንድ ቁመተ ረጅም ልጅ ከመጀመሪያው ዙር ወጥቶ ሄደ። ማንም አልተጠጋውም። ከኋላ ያሉትን በግማሽ ሜዳ ቀድሞ ሲገባ ሕዝቡ ተንጫጫ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። መምህሩ ስልኩ ላይ ሰዓቱን አየና ደብተሩ ላይ ጻፈ።

እኔን የያዘኝ አራተኛ የወጣው ነበር። በሜዳው ጥግ ክረምት የቦረቦረው ጠባብ ቦይ አለ፤ ልጆቹ በየዙሩ ሊሻገሩት ግድ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ቦዩ ጋ ሲደርሱ እርምጃቸውን ያሳጥራሉ፤ አንዳንዱ ቆም ብሎ ይዘላል። መሪው ራሱ እዚያ ሲደርስ ይደናቀፍ ነበር። ይህ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ ልጅ ግን አንድም ጊዜ እርምጃውን አልሰበረም። ከሦስት አራት እርምጃ በፊት ቦዩን ያየዋል፣ በመጣበት እግር ይነሳል፣ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ሲያርፍ ሩጫው ላይ ነው። በየዙሩ እዚያ ቦይ ላይ ከፊቱ ካለው ልጅ ሁለት እርምጃ ይሰርቃል፤ ሜዳው ላይ ደግሞ መልሶ ያጣዋል። በግራ እግሩ ሲዘል አየሁት፤ በሚቀጥለው ዙር በቀኙ ዘለለ። ይህን ማንም አላስተማረውም።

ውድድሩ ሲያልቅ የአንደኛው ልጅ አያት፣ ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ ወደ መምህሩ መጡ።

«መምህር፣ ልጁ አንደኛ ወጣ አይደል? ታዲያ ምን ይጠበቃል? አዲስ አበባ ይሂድና ክለብ ይግባ እንጂ!»

መምህሩ ቆቡን አወለቀ። «አባባ፣ ዲጋሉ ትዝ ይልዎታል?»

ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። ለአርሲና ለባሌ ገበሬ ስሙ ብቻ ይበቃል። በ2010 ቢጫ ዋግ ደጋውን ካጠቃ በኋላ ይህን ዋግ የሚቋቋመው ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ተወደደ፣ ተስፋፋ፤ ሁሉም እሱን ዘራ። በ2013 አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ፣ አምሮ የቆመውን ማሳ ሊታጨድ ሲል ፈጀው። መምህሩ ሊላቸው የፈለገው ገብቷቸዋል። ልጁን ዛሬ አንደኛ ያደረገው ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እኩዮቹ ቁመት ሲያወጡና ጉልበት ሲያገኙ፣ ይቆይለት እንደሆነ ማንም አያውቅም።

እንዲህ ዓይነት ውድድር በየወረዳው ይካሄዳል። ወረዳው ወደ ዞን ያሳልፋል፣ ዞኑ ወደ ክልል፣ ክልሉ ወደ አገር አቀፍ። በየደረጃው የክለብ መልማዮች ይቆማሉ፤ የመቻል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የኦሮሚያ ፖሊስ፣ የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች፣ የሙገር ሲሚንቶ። ክለብ መግባት ማለት ለባሌ ገበሬ ልጅ የወር ደመወዝ፣ ጫማ፣ አሠልጣኝና አዲስ አበባ ላይ ማደሪያ ማግኘት ነው። መልማዩ ብዙውን ጊዜ የሚያየው አንድ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የወጡትን ይጽፋል። አራተኛው ወደ ማሳው ይመለሳል።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ በአደባባይ ነው የሚሠራው። አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ የቅርጫት ኳስ ሊጉ የኤንቢኤ 30 ክለቦች በሁለት ዙር ተራ በተራ ወጣቶችን የሚመርጡበት ድራፍት የሚባል ሥርዓት አላቸው። እያንዳንዱ ክለብ ለዓመታት ልጆቹን የሚከታተሉ ሰዎች አሉት፤ ቁመታቸውን፣ የክንዳቸውን ርዝመት፣ የዝላያቸውን ከፍታ ይለካሉ፤ ጨዋታቸውን በቪዲዮ ደጋግመው ያያሉ። ያ ሁሉ ገንዘብና መሣሪያ እያለ ይሳሳታሉ። በ2013 መጀመሪያ የተመረጠው አንቶኒ ቤኔት ነበር፤ በሊጉ የቆየው አራት የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በዚያው ምሽት አቴንስ ውስጥ ከናይጄሪያ ስደተኞች የተወለደ ያኒስ አንቴቶኩምፖ የሚባል ቀጭን ልጅ 15ኛ ተመረጠ፤ በኋላ ሁለት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፣ በ2021 ክለቡን ሚልዋኪን ለዋንጫ አበቃ። በ2014 ደግሞ በኋላ የሊጉ ኮከብ የሆነውን ኒኮላ ዮኪችን 40 ሰው ቀድሞት ተመርጧል።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው የሌላ ልጅ ታሪክ ነው። ካዋይ ሌናርድ በ2011፣ ኢብራሂም ዴጉ ላይ ባሸነፈበት ዓመት፣ 15ኛ ተመርጦ ሳን አንቶኒዮ ገባ። ክለቡ ውስጥ ቲም ደንካን፣ ቶኒ ፓርከርና ማኑ ጂኖቢሊ ነበሩ፤ ለጀማሪ ኮከብነት ቦታ አልነበረም። ልጁ የተሰጠው የሚሠራው ነገር ነው፦ የተጋጣሚን ምርጥ አጥቂ መያዝ፣ ኳስ መንጠቅ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ሲደርሰው መወርወር። ሌላው በየዓመቱ ተጨመረለት። በሦስተኛ ዓመቱ የ2014 የፍጻሜ ጨዋታዎች ኮከብ ሆኖ ተመረጠ። ጂኖቢሊ ራሱ በ1999 የተመረጠው 57ኛ ነው፤ ስሙን የተከለው ብዙውን ጊዜ ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሳ ነው። እዚያ ቤት የሚጠየቀው «ይህ ልጅ ኮከብ ይሆናል?» ተብሎ ሳይሆን «ይህ ልጅ ዘንድሮ ምን ይሠራልናል? ከሦስት ዓመት በኋላስ?» ተብሎ ነው።

እኛ ጋ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም። ለአርሲና ለባሌ ልጅ ሥራው ገና ሳይወለድ የተወሰነ ይመስላል፤ 10,000 ሜትር ይሮጣል፣ ሲያረጅ ማራቶን። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። የአሰላው ልጅ መሐመድ አማን በ2013 ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በ800 ሜትር ነው። አልማዝ አያና ወደ መም የመጣችው በመሰናክል ነበር፤ መሰናክሉን ትታ ሪዮ ላይ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለችው። ትዕግስት አሰፋ በዚያው በሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር ሮጣ ከማጣሪያው አላለፈችም። ያን ጊዜ አንድ መልማይ ስለ እሷ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሽላ ሰበረችው። ችሎታዋ ድሮም ነበረ፤ ሥራዋ ሌላ ቦታ ነበር።

ከዚያ ደግሞ አንደኛ የማያሰኙ ሥራዎች አሉ፤ እነሱን አሳንሰን ማየታችን ከልብ ያሳዝነኛል። ስለሺ ስህን በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ በሄልሲንኪና በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና፣ አራት ጊዜ በ10,000 ሜትር ብር አምጥቷል፤ በአራቱም የቀደመው ቀነኒሳ ነው። አቴንስ ላይ እሱና ቀነኒሳ ዞር ዞር እያሉ፣ ፍጥነት እየቀነሱ ኃይሌን ሲጠብቁት ዓለም አይቷል። ያ ስለሺ በሌላ አገር ቢወለድ ሐውልት ይቆምለት ነበር። ተጠባባቂነትም ሥራ ነው። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተተካ፤ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ ወርቁን ወሰደ። ተጠባባቂ ተብሎ ልምምዱን ያላላ ሰው ይህን አያደርግም። አሯሯጭም እንደዚሁ። በብዙ ትልልቅ ከተሞች ማራቶን እስከ 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጠብቀው የሚወጡት ልጆች ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ ክብረ ወሰን ሲሰበር ግማሹ ሥራ የእነሱ ነው።

ወደ ኢብራሂም ልመለስ። ከወጣትነት ወደ አዋቂነት በሚሻገርበት ጊዜ የሮጠው ጃፓን ውስጥ በሆንዳ ኩባንያ ቡድን ነው። ጃፓኖች ኤኪደን የሚሉት የረጅም ርቀት የጎዳና ቅብብል አላቸው። ርቀቱ ለቡድኑ አባላት ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ሯጭ የራሱን ክፍል ሮጦ ከትከሻው የሚወርድ መታጠቂያ ለቀጣዩ ያቀብላል። አንዱ ክፍል ዳገት ነው፣ አንዱ ቁልቁለት፣ አንዱ ነፋስ የሚበዛበት ሜዳ። አሠልጣኙ ማን የት እንደሚሮጥ ሲወስን የእያንዳንዱን ልጅ ጠባይ ጭምር ማወቅ አለበት። ብቻውን ሲሆን የሚሰንፍ አለ፤ የሚያሳድደው ሰው ፊቱ ሲኖር የሚበረታ አለ። ኢብራሂም በዴጉ የመጨረሻ ቀጥታ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ፊቱ የሚሮጥ ሰው ነበረው፣ ደረሰበት። ጃፓን ይህን አስተማረችው ብዬ አልደመድምም። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት እዚህ አገር «ጠፋ» ሲባል እዚያ ደመወዝ፣ ልምምድና የሚሮጠው ክፍል ነበረው። አንድ ታዳጊ ለአምስት ዓመት የሚያስፈልገው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ከወርቁ በኋላ ነገሩ ቀና አልሆነም። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር አልተሰለፈም። በ2013 ሞስኮ ላይ ተመለሰ፤ ፋራህ በ27 ደቂቃ ከ21.71 ሰከንድ ሲያሸንፍ እሱ በ27 ደቂቃ ከ22.23 ሰከንድ ሁለተኛ ሆነ። ምሩጽ ይፍጠር፣ ማርሽ ቀያሪው፣ በ1980 ሁለት ወርቅ የወሰደባት ከተማ ውስጥ የተገኘ ብር ነው። «ሻምፒዮኑ ተሸነፈ» የተባለው እኔን አያሳምነኝም። በሁለት ተከታታይ የዓለም ሻምፒዮናዎች በዘመኑ ታላቅ የመም ሯጭ ላይ አንድ ጊዜ ማሸነፍና አንድ ጊዜ በግማሽ ሰከንድ መሸነፍ የትኛውም አገር በደስታ የሚቀበለው ውጤት ነው። በ2006 የዚህን ልጅ ስም የጻፈ መልማይ ካለ ፍርዱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የሰጠው የጊዜ ገደብ ነው።

የጊዜ ነገር ከተነሳ ዕድሜ አለ። በገጠር የልደት ቀን መመዝገብ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ የምሩጽ ዕድሜ ስንት ነው የሚለው ክርክር በዓለም ጋዜጦች ስንት ጊዜ ተነስቷል። ዛሬም ወረቀት ላይ 16 የሆነ ልጅ ፂም አብቅሎ ይመጣል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ18 ዓመት በታች የሚያካሂደውን የዓለም ሻምፒዮና ከ2017ቱ የናይሮቢ ውድድር በኋላ አቋርጦታል። የዕድሜ ማጭበርበር የሚጎዳው ተጋጣሚን ብቻ ይመስለናል። ዋናው ተጎጂ ግን ራሱ ልጁ ነው። ሃያ የሞላው ልጅ 17 ተብሎ ሲያሸንፍ የሚታየው ተስፋ የሌለ ተስፋ ነው፤ የሚያድግበት ጊዜ አልፏል። በእርግጥም 16 የሆነውና አራተኛ የወጣው ደግሞ ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ አጋርፋ ላይ ምን መታየት አለበት? ከአንደኛነቱ በፊት ልጁ መቼ ልምምድ እንደጀመረ እጠይቃለሁ። ለሦስት ዓመት ሠልጥኖ ያሸነፈና ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ትናንት መጥቶ አራተኛ የወጣ እኩል አይደሉም። ሲቀደም ምን እንደሚያደርግ አያለሁ፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል ወይስ ይለቀዋል? የመጨረሻውን ዙር ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽራለሁ። ወላጆቹንና ታላላቆቹን አያለሁ፣ ምን ያህል ቁመት እንደሚቀረው ይነግሩኛልና። ቤቱ ምን እንደሚበላ እጠይቃለሁ፤ ገብስ፣ ወተትና ጩኮ በማይጠፋበት ቤት ያደገ ልጅ የሳምንቱን ልምምድ ይችለዋል። ለሴት ልጅ የምጠይቀው ይጨምራል። ውኃ የሚቀዳው ማነው? እስከ 12ኛ ክፍል እንድትማር ቤተሰቡ ተስማምቷል? ባሌ ውስጥ ስንት ጎበዝ ልጅ ሜዳ ላይ ሳይሆን ጋብቻ ላይ ቀርታለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደብተር ያስፈልጋል። የቦቆጂው አሠልጣኝ ሥንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራው በአንድ ቀን ምልመላ አልነበረም። በአንዲት ትንሽ ከተማ ለአሥርት ዓመታት በየጠዋቱ ልጆችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ሮቤና ጎባ፣ አጋርፋና ጋሰራ እንደ እሱ የሚቆይ ሰው ያስፈልጋቸዋል። መምህራኑ አሉ፤ የሚያቆያቸው በጀትና ክብር ነው የጎደለው።

አንደኛ የወጣውን ረጅም ልጅ አልናቅኩትም። ከመጀመሪያው ዙር ወጥቶ ብቻውን መሮጥ ድፍረት ይጠይቃል። ግን ከፊቱ ሰው ሲኖር ምን እንደሚያደርግ ያየ የለም፤ ለዞን ውድድር ሮቤ ሲሄድ ያኔ ይታያል። በእኔ ግምት የወደፊት ሥራው ጎዳና ላይ ነው፤ እርምጃው ረጅምና እኩል ነው፣ ለአሯሯጭነትና ለግማሽ ማራቶን የተፈጠረ ይመስላል። ከዚያ በላይ ከሄደ ደስታዬ ነው።

አራተኛው ልጅ የመሰናክል ሯጭ ነው። 3,000 ሜትር መሰናክል 28 መሰናክልና 7 የውኃ ዝላይ አለው፤ የወንዶቹ ከፍታ 91.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ርቀት የወንዶች የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታ አታውቅም። እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ አመጣ፤ ለሜቻ ግርማ በ2023 ፓሪስ ላይ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ፣ በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ ብር በብር ላይ ደርቦ፣ ወርቁ ግን እስካሁን እጁ አልገባም። ቦታው ክፍት ነው። አጋርፋ ውስጥ መሰናክል የለም፤ ግን አናጢ አለ፣ ባሕር ዛፍም አለ፤ አራት መሰናክል ለመሥራት ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ልጁ አሁን 9ኛ ክፍል ነው። ሁለት ዓመት እዚያው ይማር፣ በሳምንት ሁለት ቀን በሁለቱም እግሩ መዝለሉን ይለማመድ፣ ከዚያ በክልል ሻምፒዮና ይሰለፍ። ሰዓቱን መያዝ የሚጀመረው ያኔ ነው፤ የሚፈረድበት ደግሞ ከዚያም ሦስት ዓመት ቆይቶ። ከክለብ መልማዮች አንዱ ዘንድሮ ስለ እሱ ቢጠይቀኝ ስሙን ጻፈው፣ ለመምህሩ አንድ ጥንድ ስፓይክ ላክለት፣ ልጁን ግን ገና አትውሰደው እለዋለሁ።